ሰባት ዓመቱ ከየትኛው ቀን ነው የሚቆጠረው?

የጠያቂያችን ደብዳቤ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«እኔና ባለቤቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ኮንዶ ለመግዛት ተነስተናል። ሎን ኦፊሰሩ የክሬዲት ሪፖርቴን ሲያወጣ ሦስት ኮሌክሽን ተገኘብኝ። አንዱ የድሮ ክሬዲት ካርድ ነው። ከሥራ ወጥቼ ስለነበር ለመጨረሻ ጊዜ የከፈልኩት ኤፕሪል 2019 ነው፤ አሁን 2,340 ዶላር ይላል። ሁለተኛው በ2021 ኢመርጀንሲ ሩም ገብቼ የቀረብኝ 312 ዶላር ነው። ሦስተኛው በ2023 የተውኩት የስልክ መስመር፣ 86 ዶላር። የካርዱን ዕዳ የገዛው ካምፓኒ ሪፖርቱ ላይ የተከፈተበት ቀን ብሎ 06/2021 ጽፏል። ታዲያ ከዚያ ሰባት ዓመት ቆጥሬ እስከ 2028 ልጠብቅ ነው? በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እየደወሉ ‹50 ዶላር ብቻ ላኪ፣ ፍርድ ቤት አንሄድም› ይሉኛል። ጓደኛዬ ‹አንዴ ከከፈልሽ ሰባት ዓመቱ እንደ አዲስ ይጀምራል፣ እንዳትነኪው› ትላለች። ክሬዲት አጸዳለሁ የሚል ሰው ደግሞ 900 ዶላር ቅድሚያ ጠይቆኛል። የማንን ልስማ?»
— ግራ የገባኝ፣ ከሜሪላንድ

ውድ ጠያቂያችን፣

እስከ 2028 መጠበቅ የለብዎትም። ካርዱ ከሪፖርትዎ የሚወርደው በ2026 ነው፤ ነገሩ በደንቡ ከሄደ ሜይ ወይም ጁን ላይ። 06/2021 የሚለው ካምፓኒው ዕዳውን ከባንኩ የገዛበት ቀን ነው። ዕዳው አሥር ጊዜ ቢሸጥ አሥሩም ገዢዎች የየራሳቸውን የመክፈቻ ቀን ይጽፋሉ። የሰባት ዓመቱ ቆጠራ ግን የሚነሳው ከአንድ ቀን ብቻ ነው፦ ክፍያ ዘለው፣ ከዚያ ወዲያ ውዝፉን ሳያሟሉ ከቀሩበት ከመጀመሪያው ቀን።

ደንቡ የሚገኘው ፌር ክሬዲት ሪፖርቲንግ አክት በሚባለው የ1970 የፌደራል ሕግ ውስጥ ነው። ኮሌክሽን የገባ (ለዕዳ አስከፋይ ካምፓኒ የተላለፈ) ወይም ቻርጅ ኦፍ የተደረገ ሂሳብ ከ7 ዓመት በላይ ሪፖርት ላይ እንዳይታይ ይከለክላል። 7 ዓመቱ የሚጀምረው ክፍያው መጀመሪያ ከተዘለለበት ቀን በኋላ 180 ቀን ሲሞላ ነው። ለምን 180 ቢሉ፣ ባንኮች ያልተከፈለን ክሬዲት ካርድ እንደ ኪሳራ ቆጥረው ከመዝገባቸው የሚያወጡት በዚያ ገደብ ስለሆነ ነው። ቻርጅ ኦፍ የሚባለው ይኸው ነው። ስሙ «ተሰረዘ» ቢያስመስለውም ባንኩ ዕዳውን ምሮዎታል ማለት አይደለም፤ የሒሳብ አያያዝ ጉዳይ ነው፣ ዕዳው እንዳለ አለ።

የእርስዎን እናስላው። ኤፕሪል 2019 ከፈሉ፣ የሜይ ቢል አለፈ፣ ከዚያ በኋላ ምንም አልገባም። መነሻው ሜይ 2019 ነው። 180 ቀን ሲጨመርበት ኖቬምበር 2019፤ በዚያ ላይ 7 ዓመት ሲታከል ኖቬምበር 2026 ይሆናል። ሕጉ የሚፈቅደው የመጨረሻው ጫፍ ይህ ነው። ሦስቱ የክሬዲት መዝጋቢ ቢሮዎች፣ ኤክዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን፣ በተግባር የሚያወርዱት ግን 180 ቀኑን ሳይጠብቁ መጀመሪያ ከተዘለለው ወር 7 ዓመት ሲሞላ ነው። ሜይ 2026 ያልነው ለዚህ ነው። ቢሮው የመዘግየቱን ወር ሜይ ሳይሆን ጁን ብሎ ከያዘው አንድ ወር ወዲህ ወዲያ ይላል።

አንድ ነገር ግን ያስታውሱ። ከ2019 በፊትም ዘግይተው ከፍለው የሚያውቁ ከሆነ ያ አይቆጠርም። ለምሳሌ ጃንዩወሪ ዘለው ማርች ላይ ውዝፉን ሙሉ በሙሉ ከፍለው ሂሳቡ ከርረንት ከሆነ፣ የጃንዩወሪዋ መዘግየት ራሷን የቻለች ሌት ፔይመንት ሆና በራሷ 7 ዓመት ትወርዳለች። የኮሌክሽኑ መነሻ ከዚያ በኋላ የመጣው፣ ያልተመለሱበት መዝለል ነው። በተቃራኒው፣ ሜይን ዘለው ኦገስት ላይ 40 ዶላር ጣል አድርገው ቢሆንና ውዝፉ ባይሟላ፣ መነሻው ያው ሜይ ነው፤ 40 ዶላሯ ቀኑን አታንቀሳቅሰውም።

ወደ ጓደኛዎ ምክር እንምጣ። ያሉት ነገር ከአየር የመጣ አይደለም፣ ቦታውን ግን ስቷል። በአንድ ዕዳ ላይ ሁለት የተለያዩ ቆጠራዎች አሉ፣ ሰው ግን ሁለቱን ደባልቆ ያወራል። አንዱ አሁን ያየነው የሪፖርቱ ነው። ይህ በመክፈልም፣ ባለመክፈልም፣ ስልክ በማንሳትም፣ ዕዳው በመሸጡም ከቦታው አይነቃነቅም። ነገ 2,340 ዶላሩን ቆጥረው ቢሰጡ «ተከፍሏል» ተብሎ ይጻፋል እንጂ የሚወርድበት ቀን ወደኋላም ወደፊትም አይሄድም። ሌላው የፍርድ ቤቱ ነው፤ ባለዕዳውን እስከ መቼ መክሰስ ይቻላል የሚለው። እሱ በየስቴቱ ይለያያል፤ በብዙ ስቴትም በከፊል መክፈል ወይም ዕዳው የእኔ ነው ብሎ በጽሑፍ ማመን ቆጠራውን እንደ አዲስ ያስጀምረዋል። ጓደኛዎ የሰሙት ይህን ነው።

በሜሪላንድ ይህ የመክሰሻ ጊዜ 3 ዓመት ነው። ከሜይ 2019 ሲቆጠር በ2022 አልቋል፤ በኮቪድ ጊዜ ፍርድ ቤቶቹ ያራዘሟቸው ወራት ቢጨመሩበት እንኳ አልቋል። በዚያ ላይ ሜሪላንድ ከ2016 ወዲህ ለሸማች ጥሩ ሕግ አላት፦ ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚደረግ ክፍያ ወይም የቃል ማመን የሞተውን የመክሰስ መብት አያስነሳውም። ይህ ግን ለሁሉም አንባቢ አይሠራም። ፖቶማክን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ላለ ሰው በጽሑፍ ለተፈረመ ውል 5 ዓመት ነው፤ ዳላስ ላለ 4፣ ሎስ አንጀለስ ላለ 4፣ ሲያትልና ሚኒያፖሊስ ላሉ 6። የካርዱ ውል የሌላ ስቴት ሕግ የሚጠቅስበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ከሜሪላንድ ውጭ ያሉ አንባቢዎች «50 ዶላር ብቻ» ለሚል ጥሪ ከመሸነፋቸው በፊት የስቴታቸውን ደንብ ይዩ።

ጊዜው ያለፈበትን ዕዳ እንከስሻለን ብሎ ማስፈራራት ራሱ ክልክል ነው። ከኖቬምበር 30 ቀን 2021 ጀምሮ ሬጉሌሽን ኤፍ የሚባለው ደንብ ኮሌክሽን ካምፓኒ እንዲህ ያለውን ዕዳ ይዞ እንዳይከስ፣ እከሳለሁ ብሎም እንዳያስፈራራ ከልክሏል። «50 ዶላር ላኪ፣ ፍርድ ቤት አንሄድም» ማለት ካልላክሽ እንሄዳለን ማለት ነው፤ የተባለበትን ቀንና ሰዓት ማስታወሻ ላይ ይያዙ። በዚያው ደንብ ለአንድ ዕዳ በ7 ቀን ውስጥ ከ7 ጊዜ በላይ መደወል እንደ ጥሰት ይቆጠራል፤ አንዴ ካነጋገሩዎት በኋላም 7 ቀን ሳይሞላ መልሰው መደወል እንደዚሁ። በቀን ሦስት ጊዜ ከሆነ በሦስተኛው ቀን ገደቡን አልፈዋል ማለት ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላም መደወል አይችሉም። (በእኛ ሰዓት ነው የምንነግርዎ። በእነሱ 8 እና 9 ነው።)

ስልኩን ሲያነሱ ነገሩን ያሳጥሩት። ስምዎን ካረጋገጡ በኋላ «ዕዳው የእኔ ነው» ወይም «እከፍላለሁ» ሳይሉ «ማረጋገጫውን በጽሑፍ ላኩልኝ» ይበሉ፤ ሌላ ነገር አይጨምሩ። የዴቢት ካርድ ቁጥር ወይም የባንክ ሂሳብ ቁጥር በስልክ አይስጡ። ካምፓኒው መጀመሪያ ካነጋገረዎት በ5 ቀን ውስጥ የዕዳውን ዝርዝር የያዘ ማስታወቂያ የመላክ ግዴታ አለበት፤ እርስዎም ማስታወቂያው ከደረሰዎት ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ከተቃወሙ ማረጋገጫ እስኪያመጣ ማስከፈሉን ያቆማል። 30 ቀኑ ካለፈ መጠየቅ ይቻላል፣ ማስከፈሉን የማስቆም ጉልበት ግን የለውም። ከነጭራሹ አትደውሉልኝ ብሎ መጻፍም መብት ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሜሪላንድ ጁዲሺያሪ ኬዝ ሰርች በሚባለው ነጻ ድረ ገጽ ላይ ስምዎን ፈልጉ። ምክንያቱም ከ2019 እስከ 2022 ባለው ጊዜ ውስጥ ተከሰው፣ መጥሪያው በድሮ አድራሻ ሄዶ፣ በሌሉበት ተፈርዶብዎ ሊሆን ይችላል። ከ2017 ወዲህ ቢሮዎቹ የፍርድ ቤት ዕዳን ሪፖርት ላይ ስለማያወጡ ሪፖርቱ ንጹሕ መሆኑ ፍርድ የለም ማለት አይደለም። የሜሪላንድ ፍርድ 12 ዓመት ይቆያል፣ ይታደሳልም፤ ደመወዝ ማስቆረጥ የሚቻለውም በሱ ነው። የቤት ሽያጩ ሲዘጋ የቤቱን ባለቤትነት የሚያጣራው ታይትል ካምፓኒ ስለሚያገኘው ያኔ ከመደንገጥ አሁን ማወቅ ይሻላል። ሲፈልጉ ስምዎ በእንግሊዝኛ የተጻፈባቸውን መልኮች ሁሉ ይሞክሩ፦ ጸ በቲ ብቻና በቲኤስ፣ ቀ በኬና በኪው፣ የአባት ስም በአያት ስም ተተክቶ። እኛ ዘንድ ፋይል የሚጠፋውም የሚደባለቀውም በዚህ ነው። አንድ ዓይነት ስምና የአባት ስም ያላቸው ሁለት ሰዎች አንድ ከተማ ሲኖሩ የአንዱ ኮሌክሽን ሌላው ሪፖርት ላይ ሲገባ አዲስ ነገር አይደለም።

ፍርድ ከሌለ ጥሩ። አሁን መጥሪያ ቢመጣ ግን «ጊዜው አልፏል» ብለው ቤት አይቀመጡ። ጊዜው ማለፉን ዳኛው አይቶ አይነግርዎትም፤ መቃወሚያውን ማንሳት ያለብዎት እርስዎ ነዎት። በሜሪላንድ ዲስትሪክት ኮርት መጥሪያው በደረሰዎት በ15 ቀን ውስጥ ከመጥሪያው ጋር የሚመጣውን የመከላከያ ማስታወቂያ ሞልተው ይመልሱ።

አሁን ወደ ሪፖርቱ ራሱ። ሎን ኦፊሰሩ ያሳየዎት ሦስቱን ቢሮዎች ጨምቆ በአንድ ላይ የሚያወጣ ወረቀት ነው፤ እኛ የምንፈልጋት ቀን ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ አትገኝም። የራስዎን ያውጡ። አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ ከሦስቱም በየሳምንቱ አንድ ጊዜ በነጻ ይገኛል፤ ስኮር (የክሬዲት ነጥብ) አይሰጥም፣ ራስዎ ማየት ስኮር አይቀንስም፣ ካርድ ቁጥርም አይጠይቅም። ካርድ ቁጥር ከጠየቀዎት የገቡት ሌላ ቤት ነው።

ፒዲኤፉን ሲከፍቱ ሦስቱ አንድን ነገር በተለያየ ስም ይጠሩታል። ኤክዊፋክስ ላይ «ዴት ኦፍ ፈርስት ዴሊንኩዌንሲ» (የመጀመሪያው መዘግየት ቀን) የሚለውን መስመር ይፈልጉ፤ 7 ዓመቱን ራስዎ ይደምራሉ። ኤክስፒሪያን አስልቶ ይጠብቅዎታል፣ «ኦን ሬከርድ አንቲል» ብሎ ወርና ዓመት ይሰጣል። ትራንስዩኒየንም ሂሳቡ ይወገዳል ተብሎ የሚገመትበትን ወርና ዓመት ይጽፋል። ቀን ሲያነቡ ወሩ የሚቀድም መሆኑን አይርሱ፤ 05/06/2019 ሜይ 6 ነው እንጂ ጁን 5 አይደለም። «ዴት ኦፕንድ»፣ «ላስት አፕዴትድ»፣ «ዴት ሪፖርትድ» የሚሉት በየወሩ ቢለዋወጡም አያሳስቡ።

ከዚያ ሁለት ገጾችን ጎን ለጎን ያድርጉ። ካርድዎ ሪፖርቱ ላይ ሁለት ቦታ ይገኛል፦ አንዴ በመጀመሪያው ባንክ ስም፣ ቻርጅ ኦፍ ተብሎና ቀሪው ዜሮ ሆኖ (ስለሸጠው)፤ ሌላ ጊዜ በገዢው ካምፓኒ ስም፣ ኮሌክሽን ተብሎ። ባንኩ ስር በየወሩ የተደረደሩ ትንንሽ ሳጥኖች አሉ፦ ኤፕሪል 2019 ደህና፣ ቀጥሎ 30፣ ከዚያ 60፣ 90 እያለ የሚሄድ፤ ቁጥሮቹ የዘገዩበት ቀን ብዛት ናቸው። ቆጠራው ከየትኛው ወር እንደተነሳ የምትመሰክረው ያቺ የመጀመሪያዋ 30 ናት። የሁለቱ ቦታዎች የመዘግየት ቀን እኩል መሆን አለበት። ባንኩ ስር 2019፣ ገዢው ስር 2021 ካለ፣ ገዢው ዕዳውን «አድሷል» ማለት ነው። ይህ ሕገ ወጥ ነው፤ ማስረጃው ደግሞ እዚያው ሪፖርትዎ ውስጥ አለ፣ ሌላ ቦታ መሄድ አያስፈልግዎትም።

እንዲህ ሆኖ ካገኙት ዲስፒዩት ያድርጉ (ስህተት ነው ብለው ለቢሮው አቤት ይበሉ)፣ ግን ኦንላይን ሜኑ ላይ «የእኔ አይደለም» የሚለውን ጫን አድርገው አይለፉ። ያንን ሲጫኑ አቤቱታው ወደ ኮድ ተቀይሮ ኢ-ኦስካር በሚባለው ሲስተም ለካምፓኒው ይሄዳል፤ እዚያ ያለው ሠራተኛ ስምና ቁጥር አመሳክሮ «ቬሪፋይድ» ብሎ ይመልሰዋል። ቀኑን ማንም አላየውም። ደግሞም ዕዳው የእርስዎ ሆኖ ሳለ አይደለም ማለት ውሸት ነው። በፖስታ፣ በሰርቲፋይድ ሜይል ከመቀበያ ካርዱ ጋር ይላኩ። ውስጡ የሚገባው፦ የመታወቂያዎ ኮፒ፣ አድራሻዎን የሚያሳይ የመብራት ወይም የውሃ ቢል፣ ሁለቱ ገጾች ቀኖቹ በእስክሪብቶ ተከበው፣ እና አጭር ደብዳቤ። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ይሁን፣ ሐሳቡ ግን ከዚህ አይርዘም፦ «በገጽ ይህን ያህል ላይ ያለው ኮሌክሽን የመጀመሪያ መዘግየቱ 2021 ተብሎ ተመዝግቧል። ያው ሂሳብ በባንኩ ስም በገጽ ይህን ያህል ላይ ሜይ 2019 ይላል። ቀኑ ይታረም።» የሕግ አንቀጽ መደርደርም፣ የሕይወት ታሪክ መጻፍም አያስፈልግም።

ቢሮው 30 ቀን አለው፤ አንዳንድ ጊዜ 45። ለገዢው ካምፓኒም ያንኑ ደብዳቤ በተመሳሳይ ቀን ይላኩ። ሁለቱም እምቢ ካሉ ለሲኤፍፒቢ፣ ማለትም ለፌደራሉ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ፣ ኦንላይን አቤቱታ ያስገቡ፤ ደብዳቤዎቹንና የፖስታ ደረሰኞቹን አያይዙ። ሜሪላንድ ውስጥ ኮሌክሽን ካምፓኒ ፈቃድ ማውጣት ስላለበት ፈቃድ ለሚሰጠው ለስቴቱ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ ቢሮም ማመልከት ይቻላል፤ ያንን ስም ሲሰሙ የሚለሳለሱ አሉ።

የሆስፒታሉ 312 ዶላር ዕዳ ከሜዳ ነው፣ የሚቀለውም እሱ ነው። ሦስቱ ቢሮዎች ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ መነሻው ከ500 ዶላር በታች የሆነ የሕክምና ኮሌክሽን ሪፖርት ላይ አያወጡም። የተከፈለ ከሆነም፣ መጠኑ የፈለገ ቢሆን፣ ከጁላይ 2022 ወዲህ አይታይም፤ ያልተከፈለውም አንድ ዓመት ሳይሞላው አይገባም። የእርስዎ 312 እዚያ መገኘቱ ስህተት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሆነው ኮሌክሽን ካምፓኒው የሕክምና ነው የሚለውን ኮድ ሳያስገባ ተራ ዕዳ አስመስሎ ስለሚልከው ነው። የሆስፒታሉን ቢል ኮፒ አያይዘው ዲስፒዩት ያድርጉት፤ ይወርዳል። «የሕክምና ዕዳ በሙሉ ከሪፖርት ተነሳ» የሚለውን ወሬ ግን አይመኑ፤ በጃንዩወሪ 2025 እንዲያ የሚል ደንብ ወጥቶ ነበር፣ በጁላይ 2025 ቴክሳስ ያለ የፌደራል ፍርድ ቤት ሽሮታል። እንደ ኒው ዮርክና ኮሎራዶ ያሉ ስቴቶች ግን በራሳቸው ሕግ ከልክለዋል። ከሪፖርቱ ቢወርድም ዕዳው አለ፤ ስለዚህ ሆስፒታሉ ጋ ደውለው የፋይናንሻል አሲስታንስ ፎርም ይጠይቁ። የሜሪላንድ ሆስፒታሎች ገቢያቸው ከፌደራሉ የድህነት መስመር 200 በመቶ ለማይበልጥ ሰዎች በነጻ የማከም ግዴታ አለባቸው። በ2021 ሥራ ላይ ካልነበሩ ሊመለከትዎት ይችላል።

የስልኩ 86 ዶላር ትንሽ ይመስላል፣ ግን ዕድሜው ወጣት ነው፤ እስከ 2030 ይቆያል። ፋይኮ 8 የሚባለው ስኮር መነሻው ከ100 ዶላር በታች የሆነ ኮሌክሽን አይቆጥርም። የቤት ብድር ባንኮች ለረጅም ዓመታት የተጠቀሙባቸው ግን የቀድሞዎቹን፣ ፋይኮ 2፣ 4 እና 5ን ነው፤ እነሱ እንዲህ ዓይነት ርኅራኄ የላቸውም፣ ተከፈለም አልተከፈለም ኮሌክሽን ኮሌክሽን ነው። በአዲሶቹ በፋይኮ 9ና 10 እንዲሁም በቫንቴጅ ስኮር 3ና 4 የተከፈለ ኮሌክሽን ስኮሩ ውስጥ አይገባም። ስልክዎ ላይ ያለው አፕ አንድ ቁጥር፣ ሎን ኦፊሰሩ ሌላ ቁጥር የሚያሳዩዎት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ 86ቱን ዝም ብለው አይክፈሉ። መጀመሪያ «ሙሉውን እከፍላለሁ፣ ስትቀበሉ ከሦስቱም ቢሮዎች ታነሱታላችሁ?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ። ግዴታ የለባቸውም፤ ለ86 ዶላር ግን ብዙዎቹ አይከራከሩም። የጽሑፍ መልሱ ሲመጣ በመኒ ኦርደር ይላኩ።

ካርዱንስ እንክፈለው ወይስ እንጠብቅ? እዚህ ላይ ሂሳቡን የሚወስነው የብድሩ ዓይነት ነው። ኤፍኤችኤ፣ ማለትም የፌደራል መንግሥት ዋስትና ያለው የቤት ብድር ከሆነ፣ ከሕክምና ውጭ ያሉ ኮሌክሽኖች ድምር 2,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ወይ ይከፍላሉ፣ ወይ የክፍያ ስምምነት ያቀርባሉ፣ ወይ ባንኩ የቀሪውን 5 በመቶ እንደ ወርሃዊ ወጪ ይቆጥርብዎታል። የእርስዎ 2,340 እና 86 ሲደመር 2,426 ነው፤ 5 በመቶው ወደ 121 ዶላር። ይህ 121 ዶላር በየወሩ እንደሚከፍሉት ተቆጥሮ ከገቢዎ አንጻር ሲታይ የሚፈቀድልዎትን ብድር ይቀንሰዋል። ኮንቬንሽናል (ያ ዋስትና የሌለው) ብድር፣ የቤት ብድሮችን ከባንኮች በሚገዛው በፋኒ ሜ ደንብ ከሆነ፣ ራስዎ ለሚኖሩበት፣ አንድ መኖሪያ ብቻ ላለው ቤት ኮሌክሽኑን ክፈሉ ተብሎ አይጠየቅም፤ የሚጎዳዎ ስኮሩ ነው። ኮንዶ ራስዎ የሚኖሩበት ከሆነ እዚህ ውስጥ ይገባል።

ግዢውን እስከ ጁን 2026 ማዘግየት የሚችሉ ከሆነ የእኛ ምርጫ መጠበቅ ነው። ጥቂት ወር የቀረውን ኮሌክሽን አሁን 2,340 ዶላር አውጥቶ «ተከፍሏል» ማሰኘት በድሮዎቹ ስኮሮች ምንም አይጨምርልዎትም፤ ያንኑ ገንዘብ ለክሎዚንግ ወጪ ይያዙት። የግድ አሁን መግዛት ካለብዎት ወይም ዕዳው ኅሊናዎን ከከበደው (ይህም የሰው ምርጫ ነው፣ ባንኩ አበድሮዎታል) በአንድ ጊዜ ክፍያ ለመቀነስ ይደራደሩ። ስምምነቱ የካምፓኒውን ስም፣ የሂሳቡን ቁጥር፣ የሚከፈለውን መጠንና «ቀሪው ተዘግቷል፣ ለሌላ አይሸጥም» የሚለውን የያዘ ደብዳቤ ሆኖ እጅዎ ሳይገባ ሳንቲም አይላኩ። የተማረልዎት ቀሪ 600 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 1099-ሲ የሚባል ፎርም ሊመጣ ይችላል፤ አይአርኤስ እንደ ገቢ ያየዋል። ታክስ ሠሪዎ ጋ ሲሄዱ ይዘውት ይሂዱ፤ በወቅቱ ዕዳዎ ከንብረትዎ ይበልጥ ከነበረ ፎርም 982 ያድንዎታል።

መጠበቅ ማለት መደበቅ አይደለም። የብድር ማመልከቻው ስለ ዕዳ ሲጠይቅ እውነቱን ይጻፉ፤ እዚያ ላይ ሐሰት መጻፍ የፌደራል ወንጀል ነው። የ7 ዓመቱ ገደብ ራሱ 150,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሆነ ብድር ማመልከቻ በሕጉ እንደማይሠራም ይወቁ። ቢሮዎቹ በተግባር ለሁሉም ያወርዱታል እንጂ።

900 ዶላር ለጠየቀው ሰው መልሱ አይሆንም ነው። የ1996ቱ የክሬዲት ሪፔር ሕግ ሥራው ሳይሠራ ቅድሚያ ማስከፈልን ይከለክላል፤ ውል ከፈረሙም በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት ማፍረስ ይችላሉ። እንዲህ ያሉት ሰዎች የሚያደርጉት እርስዎ በአንድ ፖስታ የሚልኩትን ነው፤ አለዚያም ሲፒኤን የሚባል «አዲስ የክሬዲት ቁጥር» ይሸጡልዎታል፣ ወይም ማንነቴ ተሰርቋል ብለው ሐሰተኛ ሪፖርት እንዲሞሉ ያደርጉዎታል። ሁለቱም እርስዎን እንጂ እሱን አያስጠይቁም።

ለሌሎች አንባቢዎች፣ ሁሌ የሚጠየቁትን በጥድፊያ፦ ሌት ፔይመንት 7 ዓመት። ቻፕተር 7 ባንክራፕሲ ከተመዘገበበት ቀን 10፣ ቻፕተር 13 በቢሮዎቹ አሠራር 7። የብድር ጥያቄ፣ ሃርድ ኢንኳየሪ የሚባለው፣ 2። በደንብ ተከፍሎ የተዘጋ ሂሳብ እስከ 10፣ እሱ ደግሞ ቢቆይ ይጠቅማል። የፌደራል የተማሪ ብድር የመክሰሻ ጊዜ ገደብ የለውም፤ ሪፖርቱ ላይ ባይታይም ደመወዝና ታክስ ተመላሽ ይነካል።

እርስዎ እንግዲህ ዛሬ ሦስቱን ሪፖርት አውጥተው የሚወርድበትን ወር ከእያንዳንዱ ላይ ይጻፉ። የሕክምናውንና ቀኑ የተሳሳተ ካለ የካርዱን ደብዳቤ በዚህ ሳምንት ይላኩ፤ የስልኩን ቀጥለው። ጁን 2026 መጀመሪያ ላይ እንደገና አውጥተው ይዩ። ካርዱ በባንኩም በገዢውም ስም ሁለቱም ቦታ መጥፋት አለበት፤ አንዱ ብቻ ሳይወርድ ከቀረ በአንድ መስመር ደብዳቤ ያስወርዱት። በብድሩ ሂደት መሀል ከሆኑና 30 ቀን መጠበቅ ካልቻሉ፣ ሂሳቡ መውረዱን የሚያሳየውን የቢሮውን ደብዳቤ ለሎን ኦፊሰሩ ይስጡትና «ራፒድ ሪስኮር አስደርግልኝ» ይበሉት። ይህን ማዘዝ የሚችለው አበዳሪው ብቻ ነው፣ ስኮሩም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይታደሳል።